«ምን አገባችሁ?»፦ የናሚቢያ አደራና ሁለቱ ከሳሾች

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፣

እንደምን ዋላችሁ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምጠራ ከወዲሁ ይቅርታ።

በአማርኛ «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። የማወራችሁም ስለ አንድ የአደራ ክስ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረችውን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ ለደቡብ አፍሪካ በአደራ ሰጠ። የማኅበሩ ቃል ኪዳን «ቅዱስ አደራ» ነው የሚለው። ማኅበሩ ሲፈርስ ባለአደራዋ መሬቱን እንደ አባቷ ርስት ይዛ ቀረች፤ አፓርታይድንም ዘረጋችበት።

ማን ይክሰሳት? ለመክሰስ የዚያ የፈረሰው ማኅበር አባል የነበረ አገር ያስፈልግ ነበር። ከአፍሪካ ይህን ከሚያሟሉት ጥቂቶች መካከል ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ተነሡ። ኢትዮጵያ ማኅበሩን በ1923 ብትቀላቀልም ጣሊያን ሲወራት አላስጣላትም። ያው አባልነት ግን በኖቬምበር 1960 ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለሌላ ሕዝብ እንድትቆም መብት ሰጣት።

በዲሴምበር 1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልዬ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ፦ ከዚያ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ የንጉሡ መንግሥት የኤርትራን ፌዴሬሽን አፍርሶ ነበር። ሄግ ላይ የሚሟገትለትን መብት በጓዳው ይነፍግ ነበር።

ጁላይ 18 ቀን 1966 ፍርዱ ተነበበ። ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ፤ አውስትራሊያዊው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ክሱን ጣሉት። ምክንያቱ በሕግ ቋንቋ ረጅም ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን «ምን አገባችሁ?» ነው። ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት የላቸውም ተባሉ። ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ!

የፍርዱ አርባ ሳይወጣ፣ ኦገስት 26፣ ኦሙጉሉግዎምባሼ በምትባል የሰሜን ናሚቢያ ቦታ ስዋፖ የተባለው የነጻነት ንቅናቄ ታጋዮችና የደቡብ አፍሪካ ኃይሎች ተኩስ ገጠሙ። በኦክቶበርም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከባለአደራነት አነሣ። «አያገባችሁም» ያለው ያው ፍርድ ቤት በ1971 የጸጥታው ምክር ቤት ሲጠይቀው ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ።

በዓመቱ፣ በጃንዋሪ 1972፣ ምክር ቤቱ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ መጣ። በአፍሪካ ምድር ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ነበር። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ብርሃን ሲመታው ይነድዳል። አምባሳደሮቹ ስለ ናሚቢያ የተከራከሩት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው።

የነጻነቱን መንገድ የቀየሰው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 435 በ1978 ቢጸድቅም፣ ነገሩ ከአንጎላ ጦርነት ጋር ተቆላልፎ አሥር ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ምርጫው የተካሄደው በኖቬምበር 1989 ነው። ማርች 21 ቀን 1990 ዋና ከተማዋ ዊንድሁክ ላይ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ሳም ኑጆማን ቃለ መሐላ ያስፈጸሟቸው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ፔሬዝ ደ ኩዌያር ነበሩ።

ያን ሌሊት ግን ዋናው ወደብ፣ ዋልቪስ ቤይ፣ ገና በደቡብ አፍሪካ እጅ ነበር። ናሚቢያ የተረከበችው በ1994 ነው።

አመሰግናለሁ።