አሮጌውን ኮመዲኖ በማይሸት ቀለም ማደስ

(ምስል፦ ጥቁር ቡናማ ኮመዲኖ፣ ከቅርብ)

እስቲ ይህን ኮመዲኖ እዩት። ብዙ ዓመት አገልግሏል። ቫርኒሹ ተልጧል፤ ላዩ ላይ የትኩስ ብርጭቆ ክብ ምልክት ቀርቷል። መሳቢያውን ስስበው ግን ኮመዲኖው አይወዛወዝም። እንጨቱ ደህና ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ መጣል በጣም ያሳዝነኛል።

የዘይት ቀለም ሲቀባ ያ ራስ የሚያዞር ሽታ ከየት ይመጣል? ቀለሙን ያቀጠነው ኬሚካል እየተነነ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሲደርቅ ግን በአብዛኛው የሚተነው ውሃው ነው። ጣሳው ላይ «ቪኦሲ» የሚለውን ፈልጉ። በሊትር ስንት ግራም ተናኝ ኬሚካል እንዳለ ይነግራችኋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለእንጨትና ለብረት በሚሆኑ የውሃ ቀለሞች ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ 130 ግራም ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የተሻለ ነው። ከወተት ፕሮቲንና ከኖራ የሚሠራ የዱቄት ቀለምም አለ፤ ባዶ እንጨት ላይ ያምራል፣ ቫርኒሽ ላይ ግን ይፈረፈራል።

(ምስል፦ እርጥብ ጨርቅ፣ የመሳቢያው እጀታ)

ጥሩ ቀለም የገዛ ሰው ቶሎ መቀባት ያምረዋል። አደራ፣ አትቸኩሉ። በወሩ የሚላጥ ቀለም ለአካባቢ ምንም አልጠቀመም፤ እንደገና ሊቀባ ነውና። መጀመሪያ በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡት። እጀታው ዙሪያ በተለይ። ይኸው፣ ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ። የስንት ዓመት የእጅ ቅባት ነው። ቀለም እዚህ ላይ አይይዝም።

ሲደርቅ ቁጥር 180 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። እንጨቱ እስኪወጣ አይደለም፤ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ብቻ። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዕቃው ድሮ በቀለም የተቀባ ከሆነ እርሳስ (ሌድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ብናኙ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው። ሳታስመረምሩ በፍጹም አትፈግፍጉት።

ጥቁር እንጨት ላይ ነጭ ልትቀቡ ካሰባችሁ እድፍ የሚያግድ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ያስፈልጋችኋል። አለዚያ የእንጨቱ ቡናማ ጭማቂ በነጩ ላይ ብቅ ይላል፤ ደጋግማችሁ ብትቀቡም አይለቅም።

ከዚያ ቀለሙን ስስ አድርጋችሁ ሁለት እጅ ቀቡ፤ የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጀምሩ።

(ምስል፦ አረንጓዴ ሆኖ የቆመው ኮመዲኖ)

በሰዓታት ውስጥ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። ጠንክሮ እስኪበቃ ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ በሦስተኛው ቀን የአበባ ማስቀመጫ ጫንኩበት፤ ሳነሳው ቀለሙን ይዞ ተነሣ። እስከዚያ ምንም አትጫኑበት። መሳቢያዎቹንም አውጥታችሁ ለብቻቸው አስቀምጧቸው፤ ቶሎ ከተዘጉ ከጠርዙ ጋር ይጣበቃሉ።