ሁሉም «የወፍ በሽታ» አንድ አይደለም

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶችና ወንድሞች፤

የዓለም የሄፓታይተስ፣ ማለትም የጉበት ብግነት፣ ቀን ነው፤ የበሽታ ቀን ስለሆነ «እንኳን አደረሳችሁ» አልልም። ሐምሌ 21 የተመረጠው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ያገኘው ባሩክ ብሉምበርግ የተወለደበት ዕለት ስለሆነ ነው።

በእኛ ሰፈር ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባል ነበር። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ከታማሚው ይልቅ የማውቀው በመርፌ የተወሰደች፣ እንደ ክር የቀጠነች የጉበቱን ቁራጭ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር ጤነኛው የጉበት ሴል ሮዝ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ኒውክሊየስ አለው፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ይቆማል።

ስብ ሲበዛበት በሴሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ጠብታ ይንሰራፋና ኒውክሊየሱን ገፍቶ ዳር ያስይዘዋል። ስላይዱ ሲዘጋጅ ስቡ ሟሙቶ ስለሚወጣ የሚቀረው ባዶ ክብ ነው፤ ዓይኑ የወጣለት እንጀራ በሉት። ሲብስ ሴሉ ያብጣል፣ የውስጥ ማገሮቹም ተኮማትረው ይቋጠራሉ። የመጠጥና የውፍረት ጉበት እዚህ ላይ መንታ ይመስላሉ፤ «ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ እንጂ የማይክሮስኮፑ ሥራ አይደለም።

ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ የሽፋኑን ፕሮቲን ከልክ በላይ እያመረተ በሴሉ ውስጥ ያከማቻል፤ አንዳንዱ ሴል እንደ መታጠቢያ ቤት መስኮት፣ ብርሃን እንደሚያስገባ ግን እንደማያሳይ መስታወት ይደበዝዛል። ሰውየው ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራ ውሎ ይገባል።

በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በጸዳ እምባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ሲታመሙ ምርመራው ያመለከተው ወደ ቫይረስ ሳይሆን ከጤፍ ጋር ወደተቀላቀለ አረም መርዝ ነው። እንዲህ ያለው መርዝ የጉበትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደፍናል፤ በዙሪያቸው ያሉት ሴሎች በደም ታፍነው ይሞታሉ።

ጉዳቱ ዓመታት ከቆየ፣ ቫይታሚን ኤ ሲያጠራቅሙ የኖሩ ሌሎች የጉበት ሴሎች ሥራቸውን ትተው ጠባሳ መሥራት ይጀምራሉ። ይህ ነው ሲሮሲስ የሚሆነው። ያኔ ስቡም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ቁራጯን ይዤ ማን እንደጀመረው ልነግራችሁ አልችል ይሆናል።

የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራው በር ላይ ባለው ድንኳን ነው። ወረፋው ከአሁኑ ረዝሟል፤ እኔም እዚህ ላይ ላብቃ።