የክሮም ጭረት፦ ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ክሮም ነው፣ የአሮጌ መኪና ጌጥ። ፓራውልቱ፣ የመብራቱ ዙሪያ... እኔ በበኩሌ ክሮምን በዘመኑ ፕላስቲክ አልለውጥም።

እና ጭረት አያችሁበት። ቆይ፣ ጨርቁን አስቀምጡት። መጀመሪያ የጥፍር ቀለም አስቡልኝ። አዎ፣ የጥፍር ቀለም! ከስር ጥፍር አለ። መነሻው ይቀባል፣ ከላዩ ቀለሙ፣ መጨረሻ ላይ ማብረቂያው። አሁን ተጫረ እንበል። ጭረቱን ላጥፋ ብላችሁ በሞረድ ብትሞርዱት ጭረቱ ይጠፋል። ቀለሙም አብሮ ይጠፋል! የሚተርፋችሁ ባዶ ጥፍር ነው።

ክሮምም እንደዚያው ነው። ከስር ብረት፣ ብዙ ጊዜ መዳብ፣ ከዚያ ኒኬል፣ ከላይ ክሮም። የላይኛዋ ክሮም አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮን እንኳ አትሞላም። አንዲት የፀጉር ዘለላ 70 ማይክሮን ገደማ ናት! እኔ አንዴ የፓራውልት ጥግ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። የሳንቲም ስፋት ያላት፣ ቢጫ ቢጫ የምትል ነገር ብቅ አለች። ኒኬሉ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

እዚህ ጋ ሁሌ የምትሉኝ ነገር አለ። «እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መስታወት ሆኖልኛል!» እውነታችሁን ነው። ግን ያሻችሁት ክሮም አይደለም። የብዙ አሮጌ መኪኖች የመስኮት ዙሪያና የጎን ጌጥ ስቴንለስ ስቲል ነው። ልባጥ የለውም፣ እስከ ውስጡ አንድ ነው። እሱን በ400፣ በ800፣ በ1500 ቁጥር ወረቀት እያለሰለሳችሁ ሄዳችሁ መጨረሻ ላይ በፖሊሽ ማብረቅ ትችላላችሁ። እንዴት እንለየው? ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ስቴንለስ ትንሽ ሞቅ ይላል። ካልለየላችሁ ፈታችሁ ጀርባውን እዩ። የስቴንለስ ጀርባ ያው ራሱ ብረቱ ነው። በማግኔት ግን አትፍረዱ፤ ማግኔት የሚይዘው ስቴንለስም አለ።

በሉ ወደ ሥራው። ይህን ክፍል ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልበል። በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሳልፉ። ካልያዘው፣ የክሮም ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ፣ ከዚያ ሰም። ዝገት ካለ ፎይል ጨምድዳችሁ ውሃ ንከሩና በቀስታ እሹት፤ አሉሚኒየም ከክሮም ይለሰልሳል።

ጥፍራችሁ ከያዘው ግን ምንም ፖሊሽ አያድነውም። ልባጡ ተገፎ እንደ አዲስ መለበጥ አለበት። ስለ መለበጡ በሚቀጥለው ቪዲዮ እመጣለሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። እስከዚያ የጀርባውን ፎቶ አንሱና ኮመንት ላይ ንገሩኝ፦ ክሮም ነው ወይስ ስቴንለስ?