ቦይለሩ ድንጋይ ሲያንከባልል

ስልኩ ሲጠራ ገና አልነጋም ነበር። እናቴ ናት፣ ከሐረር። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ስማው» አለችና ስልኩን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ቦይለር አስጠጋችው። መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ከዚያ በጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የመሰለ ድምፅ። «ድንጋይ ያንከባልላል እኮ፣ ልጄ።»

አድማጮቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ድምፅ ነው። ከእኔ በፊት አንድ ጠጋኝ መጥቶ ነበር። የቦይለሩን ገላ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «ሊፈነዳ ነው፣ አዲስ ይግዙ» ብሎ ሄደ። እናቴም አጥፍታው በታኅሣሥ ብርድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ በድስት እያፈላች ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሸከም ከረመች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት የፈላ ድስት ይዛ እርጥብ ወለል ላይ ስትራመድ ሳስበው ከቦይለሩ ይልቅ ድስቱ አስፈራኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከድሬዳዋ ተነሥቼ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። እንደደረስኩ ካቻቪቴ አላነሣሁም፤ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ድምፅ ምን እንደሚመስል ብቻ ከጠየቅን እንሳሳታለን፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መጠየቅ አለብን። ቧንቧ ሲዘጋ ግድግዳ ውስጥ «ጓ!» የሚል ከሆነ በድንገት የተገታ ውሃ ቱቦውን መምታቱ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመለስ የሚያንኳኳውና የሚተፋው አየር ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ቀስ ብሎ ቋ፣ ቋ የሚለው ብረቱ ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ነው። የእናቴ ቦይለር ግን ሲበራ ጥቂት ደቂቃ ዝም አለ፣ ከዚያ መንሾካሾክ፣ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። የማሞቂያው መብራት ሲጠፋ ዝም አለ። እንግዲህ ድምፁ ከማሞቂያው ጋር የሚነሣና የሚተኛ ነው።

ጀበና ከመፍላቱ በፊት ሲያጉረመርም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ከታች በጋለው ሸክላ ላይ የተፈጠረ የእንፋሎት አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ያገኘውና ይፈርሳል። ቦይለር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ኖራ ይለያይና ውሃውን በሚያሞቀው ብረት፣ በሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ በቅርፊቱ ስንጥቅ የገባች ጥቂት ውሃ የቀረው ውሃ ገና ለብ እያለ ቀድማ ትፈላለች። ያ ሁሉ መንከባለል የእነዚያ ትናንሽ አረፋዎች መፈንዳትና መፍረስ ነው። ቤታቸውን በቦይለር ውሃ የሚያሞቁት እንግሊዞች ይህን ድምፅ በማንቆርቆሪያ ስም ነው የሚጠሩት።

ኖራው ከየት መጣ? ከእኛው ምድር። የሐረማያ ሐይቅ ሐረርን ለብዙ ዓመታት ሲያጠጣ ኖሮ ከደረቀ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ ወገን፣ ከቆላው ጉድጓድ፣ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣው። ድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚመረትባት የኖራ ድንጋይ አገር ናት። በድሬዳዋ ያደገ ሰው የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት በጥፍሩ ፍቆ ያውቃል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ በእንፋሎት ነበር የመጣው፤ የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ቦይለሩ በየጊዜው ካልታጠበ ይኸው ቅርፊት ያንቀዋል። በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የሠራው አያቴ የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም በካቻቪቴ እንዲሁ አደረግሁ። ድምፁ ጎልቶ የተሰማው ከታች፣ ሬዚስታንሱ ካለበት ነው።

ብሬከሩን አጠፋሁ፤ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ፤ ውሃውን ዘግቼ አፈሰስኩ፤ የታችኛውን ክዳን በቺያቬ ፈታሁ። በሬዚስታንሱ ላይ ጣት የሚያህል ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ከበርሜሉ ወለል የወጣው ስባሪ ግማሽ ሳፋ ሞላ። ራሱ እየተበላ በርሜሉን ከዝገት የሚያድነው የማግኒዚየም ዘንግ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ሬዚስታንሱን በአቼቶ ዘፍዝፌ አጸዳሁ፤ ዘንጉንና የክዳኑን ጎማ በአዲስ ተካሁ።

በአንድ ነገር ግን ጠጋኙ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ያለችው ትንሽ የደህንነት ቫልቭ በኖራ ተደፍና ነበር። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ያ ትርፍ የሚወጣው በዚያች ቫልቭ ነው። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ስትል ያያችኋት እንደሆነ እባካችሁ አትድፈኗት። ውሃው ሲበቃው ማሞቂያውን የሚያጠፋው ቴርሞስታትም ተበላሽቶ ቫልቯም ከተደፈነች በርሜሉ በእውነት ሊፈነዳ ይችላል። ከሙቅ ቧንቧው እንፋሎት እየተፋ ከወጣ ብሬከሩን አጥፉ፣ ክዳኑን አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡና ባለሙያ ጥሩ። ውሃው ሲነካችሁ የሚነዝራችሁ ከሆነም እንዲሁ። ቫልቯን በዚያው ቀን ለወጥኳት።

ማክሰኞ ማታ ደወልኩ። «እማዬ፣ እስቲ አስጠጊልኝ።» አስጠጋችው። ቋ አለ። ቆይቶ ደግሞ ቋ።

«ይህስ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መቼ ነው የሚለው?»

«አሁን ታጥቤ ስወጣ፣ ካጠፋሁት በኋላ።»

«ብረቱ ነው፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

«እሺ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ትንሽ ቆመች፤ እሷም እያዳመጠች ነበር።