ጎጃምን በትንሽ ብር፤ ከምን ይቆጠባል፣ ከምን አይቆጠብም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ደብረ ማርቆስ ዝናብ ይዟል፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ቻሉኝ።

የማወራው ስለ ጉዞ ነው። ኪስ ሳይሞላ ስለሚደረግ ጉዞ። ብዙ ሰው "ብሩን ከየት አምጥተህ ነው የምትዞረው?" ይለኛል። ብሩማ የለም። እኔ የማወጣው ጊዜ ነው። የቸኮለ ሰው ይከፍላል፤ መቆየት የሚችል ይተርፈዋል።

የበዓል ዋዜማን ውሰዱ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣው ሰው አይጣል ነው። መኪና ይጠፋል። ታሪፍ የሚባል ነገር ይረሳል። ያው መኪና ሰውን አራግፎ ሲመለስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። እኔ ታዲያ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ነው ከቤቴ የምወጣው። እናቴ ይህን ነገሬን አትወደውም። "በዓመት በዓል ማን ይሄዳል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ፋሲካን ቤት እውላለሁ፤ በሌሎቹ እንደራደራለን።

ከማርቆስ ባሕር ዳር ስሄድ ቀጥታ መኪና ብዙ አልይዝም። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያልኩ በሚኒባስ እቆራርጠዋለሁ። ሂሳቡ ሲደመር ከአውቶቡሱ አይረክስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ግን ደስ ያለኝ ቦታ እወርዳለሁ። እንጅባራ ሳይደረስ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው፤ ዙሪያው ደን። ቀጥታ በሚሄደው መኪና የተቀመጠ ሰው በዚያ ሰዓት መጋረጃ ስቦ እንቅልፉን ይለጥጣል።

እንጅባራ ካነሳሁ አይቀር፣ ድንቹን ሳልናገር አላልፍም። የአዊ ደጋ የድንች አገር ነው። የተቀቀለ፣ ልጣጩ ፈንድቶ ነጩ የወጣ፣ ከላዩ ሚጥሚጣ። ሁለት ሦስቱ ምሳ ነው። ጣት ያቃጥላል፣ አፍ ያቃጥላል፣ ብርዱን ያስረሳል። እዚያ ብርዱ ቀልድ አይደለም። አንድ ማታ አልጋ የያዝኩባቸውን ሴትዮ "እትዬ፣ ብርድ ልብስ ይጨምሩልኝ" ብላቸው፣ "የማርቆስ ሰው ሆነህ ብርድ ትፈራለህ?" ብለው ሳቁብኝ። ሁለት አመጡልኝ። ሒሳብ ላይ አልጨመሩም።

ስለ አልጋ አንድ ነገር ልበል። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩት። እኔ ሻወሩ የጋራ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ቁልፉ ግን መዝጋት አለበት፣ ግድግዳው ከመጠጥ ቤቱ ጋር መጋራት የለበትም። በርካሽ አልጋ ያስመረረኝ ትኋን ሳይሆን ሙዚቃ ነው። ደግሞ ቀኑን አስቡት። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ ላይ በርካሽ አልጋ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትነሱ። ያን ቀን ለማየት ከሆነ ግን ይክፈል፤ ያ ሁሉ ያሸበረቀ ፈረስ በአንድ ሜዳ ሲጋልብ በየቀኑ አይታይም።

ከሁሉ የረከሰው ጉዞ የትኛው ነው ካላችሁኝ፣ ሰከላ። ግሽ ዓባይ። የዓባይ መነሻ ምንጭ ጸበል ነውና ወደ እሱ የሚቀርብ ሰው እህል አይቀምስም። ቁርስ በሕግ ተከለከለ ማለት ነው።

ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ወጪውን የሚወስነው ወሩ ነው። ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሕዝብ መኪና ይሄዳል። ግን በመጋቢት ሄዳችሁ ቀጭን ውኃ አይታችሁ ብትመለሱ፣ የከፈላችሁት ትንሽም ቢሆን ይቆጫል። ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ በ2002 የጣና በለስ ፕሮጀክት ከጣና መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በበጋ የሚቀረው ሌላ ነው። መስከረምና ጥቅምት ሂዱ። ስትሄዱም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል በእግር ውጡ። ዳገቱ ያስተነፍሳል፤ ግን ፏፏቴውን ከፊት ለፊት የምታዩት በዚያ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ የሚከራየው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ብቻችሁን ብትሄዱም ስምንት ብትሆኑም ጀልባው ያው ጀልባ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደቡ ጋ ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ፤ ዘጌ የሚሄድ ቡድን አይጠፋም። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት ገብቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የተዋወቀ ብዙ ነው፤ እኔም አንድ ጓደኛ ያፈራሁት እዚያ ነው።

አሁን የማልቆጥብበትን ልንገራችሁ። ከጀልባ ነጂው ጋር ዋጋ ከተስማማን በኋላ መልሼ አልከራከርም። ጫማ የጠረገልኝን ልጅ፣ መንገድ ያሳየኝን እረኛ አልጎዳም። አንዳንዱ ተጓዥ ሆቴል ላይ ዝም ብሎ ከፍሎ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ላይ ይጠነክራል። ይህ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ቁጠባው ከእኛ ምቾት ይውጣ፤ ከእሷ እንጀራ ለምን ይወጣል?

ገጠር ቤት ስትገቡም እንደዚያው። ጎጃሜ ውኃ ለለመነው ጠላ ይሰጣል፤ ብር ብታወጡ ይቀየማል። ነፃ ነው ብላችሁ ግን ባዶ እጃችሁን አትግቡ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ስኳርና ቡና አይጠፋም። ለባለቤቱ ሳይሆን ለሴትየዋ ነው የምሰጠው፤ ሽርጉዱ የእሷ ነዋ።

የመጨረሻው የመቅሪያ ብር ነው። ባለፉት ዓመታት የእኛ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እንደኖረ ታውቃላችሁ። ከመነሳቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ ሹፌሮቹን እጠይቃለሁ፤ ትናንት የመጣ ሹፌር ከማንም በላይ ያውቃል። "ተው" ካሉኝ እተዋለሁ። "ይኬዳል" ካሉኝም፣ መሃል መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ብቀር የምበላበትንና የማድርበትን ለይቼ፣ ከቦርሳው ሌላ ቦታ እይዛለሁ። ይህ ብር ካልሞላ ጉዞው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ዘንድሮ ሞጣን ሁለቴ አስተላልፌዋለሁ።

በሉ፣ የእናንተን መንገድ ደግሞ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ደህና ሁኑ።