አሚን ካሉ በኋላ

እሺ፣ ተቀምጫለሁ። የጎረቤቴ ዶሮዎች ዛሬም ይሰማሉ፤ ለምዳችኋቸዋል፣ ከቅጂው አልቆርጣቸውም። የፋብሪካችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንድሆን ስለቀረበልኝ ሹመት እንኳን ደስ አለሽ ያላችሁኝ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ትንሽ ቆዩ።

ያቺ ስብሰባ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀበሌ አዳራሽ። እኔ ከፊት፣ ያው በምታውቁት ሰማያዊ ኮት። ጠረጴዛችን ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ሰዉ ደግሞ የመጣው ወንዙ ሸተተን፣ ከብቶቻችን አንጠጣም አሉ ሊል ነው። ጠርሙሶቹን ወደ ታች ላወርዳቸው ሳስብ ሥራ አስኪያጁ አንዱን ከፍቶ ጠጣ።

መግለጫውን አነበብኩ። «ፋብሪካችን የፍሳሽ አወጋገዱን አግባብነት ባለው መስፈርት መሠረት በማከናወን ላይ ይገኛል።» የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ ወንዙን ግን ፈልጋችሁ አታገኙበትም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ ሙስበሃቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ። መጀመሪያ መረቁኝ። ወሎ አይደል፣ ሊወቅስ የመጣም ሳይመርቅ አይጀምርም። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፣ ክፉ አይንካሽ። አዳራሹ አሚን፣ አሚን ይላል። ቀጥለው በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «ልጄ፣ የእነሱን ደህና አድርገሽ አነበብሽልን። የእኛንስ ማን ያነብላቸዋል?»

«እኔ» አልኩ።

አፌ ቀደመኝ ልበል? አይደለም፤ አስቤ ነው ያልኩት። ይመስለኛል። አዳራሹም «አሚን» አለ፣ ልክ ለምርቃቱ እንዳለው። ስብሰባው በዚያው ተበተነ፤ የተቆጣ የለም፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም። ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ጨበጥ አድርገው ያዙ፣ ምንም ሳይሉ ለቀቁኝ።

ቃሌን ጠብቄአለሁ እኮ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፦ ሽታው በየትኛው መሻገሪያ እንደሚብስ፣ ጠዋት ይሁን ማታ። «ጥሩ ነው፣ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የሹመት ደብዳቤ መጣ፤ ምክንያቱ ምን ይላል? «ስብሰባውን በሰላም በማጠናቀቅ ላሳየችው ብቃት።» ሰላሙን ያመጡት እኮ እሳቸው ናቸው! በምርቃታቸው!

ይህን ሙያ እንዴት እንጀምር የምትሉኝ ተማሪዎች አላችሁ። መጻፍ ልመዱ። ጋዜጠኛ ሲደውል ስልክ አንሡ፤ የማታውቁትን አጣርቼ እደውላለሁ በሉ፣ ከዚያም ደውሉ። አብዛኛው ሰው ሁለተኛዋን ይዘላታል። እኛ ክፍል ውስጥ አይቪ ሊ ስለሚባል አሜሪካዊ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ተምረናል፤ በ1906 እ.ኤ.አ. የሚሠራለት የባቡር ኩባንያ አደጋ ሲደርስበት ጋዜጠኞችን ከመሸሽ ይልቅ ወደ ቦታው እንዲወሰዱ ያደረገ። ለፈተና ሸመደድነው። የገዛ አገራችንን ግን ማንም አላስተማረንም። ወሎ በረሃብ ስታልቅ መንግሥት ደብቆ ከርሞ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የወንዝ ሽታን ከረሃብ ጋር እያስተካከልኩ አይደለም። ብቻ ያኔም ቢሆን እዚህ ደሴ ውስጥ «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» የምትል ወረቀት የጻፈ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ እያልኩ አስባለሁ። ሰዋስዉም ያማረ።

ኃላፊ ከሆንኩ ከአለቆቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ያቺን ሁለት ገጽ ራሴ አነብላቸዋለሁ። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ጥሩ ምክንያት ነው። በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው የማላምነው፤ መግለጫ መግለጫ ይሸተኛል።

ወይም ደግሞ ነገር እያበዛሁ ነው። ደመወዙም እኮ... የቤት ኪራይ ታውቃላችሁ።

እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። እናቴ ግን ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ጨርሳለች፤ ነገ ቡና ጠርታለች፣ ቄጠማም አስመጥታለች። እኔ ደግሞ ገና ምን እንደምል...