ተራራው ያተረፋቸው ሰዎች፦ ስለ ዶሚኒካ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዶሚኒካ ነው፣ እባካችሁ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር እንዳታምታቱብኝ፣ ያቺ ሌላ አገር ናት። ይቺኛዋ ካሪቢያን ባህር ላይ፣ ጓዴሎፕና ማርቲኒክ በሚባሉ ደሴቶች መሀል ያለች፣ ስፋቷ 750 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ፣ ሕዝቧም 70 ሺህ አካባቢ የሆነ ደሴት ናት።

ካርታ ላይ ነጥብ ብትመስልም ሞርን ዲያብሎቲን የሚባለው ተራራዋ 1447 ሜትር ይደርሳል። እሳተ ገሞራ የፈጠራት ደሴት ስለሆነች ጫካዋ ውስጥ ውሃው የሚንተከተክ ሀይቅ አለ፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ደግሞ ተራራው ሲያግደው ዝናቡን እዛው ያራግፈዋል፣ ወንዝ የበዛባት ለዛ ነው።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለኩት ስለ ደሴቷ ነባር ሕዝብ፣ ስለ ካሊናጎዎች ነው። ብዙ ሰው የካሪቢያን ነባር ሕዝብ ድሮ አልቋል ብሎ ነው የሚያስበው፣ አላለቀም! ሌሎቹ ደሴቶች ላይ ሜዳው ለሸንኮራ እርሻ ስለተፈለገ ሰዉ ተገፋ፣ ተገደለ፣ በበሽታም ረገፈ፣ ዶሚኒካ ላይ ግን ገደሉና ጫካው ለቅኝ ገዢዎቹ አልመች አለ። እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1748 ደሴቷ ገለልተኛ ትሁን ብለው እስከመስማማት ደርሰው ነበር፣ ቃላቸውን ባይጠብቁም፣ በ1763 እንግሊዝ ወሰደቻት። ከእርሻው ባርነት ያመለጡ አፍሪካውያንም ያው ተራራ ውስጥ ገብተው ነው የታገሉት፣ ዛሬ አብዛኛው የደሴቷ ሕዝብ የአፍሪካውያን ዘር ነው።

ካሊናጎዎቹ ከ1903 ጀምሮ በምስራቁ ዳርቻ የራሳቸው ክልል አላቸው፣ 1500 ሄክታር ገደማ ነው። መሬቱ የጋራ ስለሆነ ማንም ሊሸጠው አይችልም፣ በዚህ ምክንያት ባንክ ሄዶ መሬት አስይዞ መበደር ይቸግራቸዋል፣ ግን መሬቱ ከእጃቸው ያልወጣውም በዚሁ ነው፣ እኔ ይሄን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

ቅርጫታቸውን ብታዩት ደስ ይላችኋል። ላሩማ የሚባል ሸምበቆ መሳይ ተክል ሰንጥቀው ያደርቁታል፣ ጥቁር እንዲሆን የፈለጉትን ጭቃ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ከዛ ሁለት ድርብ አድርገው ሰፍተው መሀሉ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ይከቱበታል፣ ዝናብ አያስገባም።

በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ አብዛኛውን የደሴቷን ጣሪያ ገነጣጥላ ስትሄድ እነሱንም ክፉኛ ነው የጎዳቻቸው፣ ግን እንደገና ሰሩ። በ2023 ደግሞ ሲልቫኒ በርተን የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ሆኑ፣ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴትም የመጀመሪያዋ ካሊናጎም እሳቸው ናቸው።

የኔ ይሄው ነው፣ አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።